ባሮክን የመራሁት እኔ ነኝ

እናንተ ቅዳሜ ከሰዓት በሬዲዮ የሰማችሁት የእኔ ነው። ድምፁ የእሷ ነው፤ እሱን አልክድም፤ እግዜር ሲሰጣት አብዝቶ ሰጥቷታል። ነገሩ ግን የእኔ ነው። ስለዚያ ከአራት መቶ ዓመት በፊት ስለተጀመረው፣ ባሮክ ስለሚባለው የፈረንጅ ሙዚቃ፣ ስለ ቫዮሊኑ፣ ስለ ኦርጋኑ፣ ስለ ፉጉና ስለ ኮንቼርቶው የተባለው ሁሉ ከእኔ አፍ ወጥቶ በእሷ አፍ ያለፈ ነው። ደብረ ታቦር ላይ ይህን ብናገር ማን ያምነኛል? «አይ፣ ቅናት ነው» ነው የሚሉኝ። ብለውኛልም። ስለዚህ እዚህ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

የሙዚቀኞቹን ስም ከፈለጋችሁ እሷን ጠይቁ። አሳምራ ትጠራላችኋለች፤ አጠራሩን ያስጠናኋት እኔ ነኝ። እኔ ግን እዚህ የማንንም ስም አልጠራም። የእሷንም አልጠራም። ጓደኛዬ ነበረች፤ ሌላ ስም እስካገኝላት ጓደኛዬ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ባሮክን የተማርኩት ዓረብ አገር፣ ልብስ እየተኮስኩ ነው። በምሠራበት ቤት የማዳሜ እናት ነበሩ። ሊባኖሳዊት ናቸው፤ በወጣትነታቸው ልጆችን ፒያኖ ሲያስተምሩ የኖሩ። እኔ ስደርስ ቁርጥማት ጣቶቻቸውን አጣሞባቸው ማንኪያ እንኳ በወጉ አይዙም ነበር። መጫወቱ ሲቀርባቸው መስማቱ ነው የተረፋቸው። ከምሳ በኋላ ሙዚቃቸውን እከፍትላቸዋለሁ፤ የመተኮሻ ጠረጴዛዬን አጠገባቸው እዘረጋለሁ፤ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ፣ እኔ ሸሚዝ እተኩሳለሁ። መጀመሪያ ላይ ጆሮዬን አልሰጠሁትም። ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ነበር የምሰማው።

አንድ ቀን ዓይናቸውን ሳይገልጡ «አሁን ስንት ሰው ነው የሚናገረው?» አሉኝ። ክፍሉ ውስጥ ከእኛ ሌላ ሰው የለም። ግራ ገባኝ። «ሙዚቃው ውስጥ» አሉ። የመተኮሻ ብረቱን አቁሜ አዳመጥኩ። አንድ ድምፅ ብቻውን አጭር ዜማ ጀመረ። እሱ ሳይጨርስ ሌላው ያችኑ ዜማ ይዞ ከላይ ገባ፤ ደግሞ ሌላው ከታች። «ሦስት» አልኳቸው። ዓይናቸውን ገልጠው አዩኝ። «ማን አስተማረሽ?» አሉኝ። ማንም አላስተማረኝም። እኔ የመሪጌታ ልጅ ነኝ። ያደግኩት ከሴቶች መቆሚያ ሆኜ ማኅሌት እየሰማሁ ነው፤ በቀኝ የቆመው ማን እንደሆነ፣ በግራ የቆመው ማን እንደሆነ፣ አባቴ መቼ እንደገቡ ሳላይ በጆሮዬ እለይ ነበር። ይህን በዓረብኛ ማስረዳት ቢያቅተኝ ጊዜ ሳቅሁ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ሠራተኛቸው ብቻ አልነበርኩም። ያ ያስቆጠሩኝ ሙዚቃ ፉግ ይባላል አሉኝ፤ አንዱ ድምፅ ሌላውን እየተከተለ፣ ሁሉም ያችኑ ዜማ ይዞ በየተራው የሚገባበት። ባሮክ ማለት ደግሞ በፖርቱጋሎች አፍ የተጣመመ ሉል ማለት ነው አሉ። ኋላ የመጡ ሰዎች ጌጥ በዛበት፣ ተወሳሰበ ብለው ሲሰድቡት ያወጡለት ስም ነው፤ ስድቡ ስም ሆኖ ቀረ። ዘመኑን ሲነግሩኝ በልቤ አሰላሁት፤ እኛ ጎንደር ላይ ያን ግንብ ስንገነባ እነሱ እዚያ ይህን ሲገነቡ ነበር። ይህን ያወቅሁ ቀን ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ለማን እንደምነግረው ግን አላውቅም ነበር፤ በቪዲዮ ለእህቴ ብነግራት «ምግብ ደኅና ትበያለሽ?» አለችኝ።

አሮጊቷ ሁልጊዜ የሚሉኝ አንድ ነገር ነበር። «ላይ ላዩን አትስሚ፤ መጀመሪያ ከታች ያለውን ስሚ።» በባሮክ ሙዚቃ ከታች አንድ ወፍራም ድምፅ አለ፤ ከተጀመረ እስኪያልቅ አያቋርጥም። ላይ ያለው ቫዮሊን ወይም ዘፋኝ ያሸበርቃል፤ ሰው የሚያጨበጭበው ለእሱ ነው። ታችኛው ካቆመ ግን ላይኛው የሚቆምበት የለውም። እኔም ሸሚዙን እያገላበጥኩ ከታች ያለውን መፈለግ ለመድኩ። እስካሁንም ሠርግ ቤት ሄጄ የሚጫወቱትን ስሰማ መጀመሪያ የማዳምጠው ከታች ነው።

ከዚያ እንቅርቴ አበጠ። የእኛ አገር ደጋ ሰው እንቅርት አያስደነግጠውም፤ የእኔ ግን ትንፋሽ እስኪያሳጥረኝ ድረስ አደገና እዚያው ዓረብ አገር ሐኪም ቤት ተቀደድኩ። እንቅርቱ ወጣ፤ ድምፄም አብሮ ወጣ። ስነቃ አፌን ከፍቼ «ውሃ» ብል የወጣው ሹክሹክታ ነው። ይመለሳል ተባልኩ፤ ጥቂት ተመለሰ፤ ዛሬም ግን ድምፄ ከክንድ ርቀት ወዲያ አይሰማም። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይሉት ይህን ነው፤ አሮጊቷም በዚያው ሰሞን ሞቱብኝ። ማዳሜ አልቅሳ ሸኘችኝ፤ አገሬ ገባሁ።

ደብረ ታቦር እንደገባሁ «ከዓረብ አገር የመጣችው» ተባልኩ። ስሜ እሱ ሆነ። ሱቅ ስገባ እሱ፣ ለቅሶ ቤት ስቀመጥ እሱ። ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ምን ይዤ እንደመጣሁ ነው፤ ልብስ ነው፣ ወርቅ ነው፣ ቴሌቪዥን ነው? እኔ ይዤ የመጣሁት ምን እንደሆነ ብናገር ማን ይገባዋል? ጓደኛዬ ገባት። ለዚህ ነው የሚያንገበግበኝ።

ከእሷ ጋር በአንድ አጥር ነው ያደግነው። የከተማው ኮሙኒኬሽን ቢሮ ትሠራለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሬዲዮ ላይ ትገባለች። የአባቴ ጉልበት ታሞ ወንዛዬ ፍል ውሃ ልወስዳቸው ስነሣ «እኔም ልምጣ» አለች። ወረታ ወርደን፣ ሐሙሲት ላይ መኪና ቀይረን ደረስን። አባቴ ከወንዶቹ ጋር ለመታጠብ ሲገቡ እኛ ዛፍ ሥር ተቀመጥን፤ የስልኬን የጆሮ ማዳመጫ አንዱን ለእሷ፣ አንዱን ለእኔ አደረግን። ያን መጀመሪያ ያስቆጠሩኝን ፉግ ከፈትኩላት።

«ምንድን ነው ይሄ? ተጣልተዋል እንዴ?» አለችኝ።

«አልተጣሉም፤ እየተከታተሉ ነው» አልኳትና አፌን ወደ ጆሮዋ አስጠግቼ እያንዳንዱ ሲገባ ነገርኳት። «አሁን አንደኛው። አሁን ሁለተኛው፤ ሰማሽው? ያችኑ ይዞ።» ዓይኗ ሲበራ አየሁት። ሁለተኛ ጊዜ ክፈቺልኝ አለች። ከዚያ ወሬ በወሬ ሆነን የአንድ ፈረንሳዊ ሙዚቀኛ ታሪክ ነገርኳት። ያ ሰውዬ የንጉሡ ቤት የሙዚቃ አለቃ ነበር። በዚያ ዘመን ሙዚቀኞቹን የሚመሩት እንደ እኛ መቋሚያ ባለ ረጅም በትር ወለሉን እየመቱ ነው። ታዲያ አንድ ቀን በስሜት ሲመታ የገዛ እግሩን ጣት አገኘው። ቁስሉ መረቀዘ፤ እግርህ ይቆረጥ ቢሉት «እኔ ጭፈራ አዋቂ ነኝ፤ አላስቆርጥም» ብሎ በዚያው ሞተ።

አባቴ ጋቢያቸውን ተከናንበው ሲመጡ ይህን ሰሙ። በሳቅ ፈረሱ። «መቋሚያ ገደለው በይኛ!» አሉ። ከዚያ ኮስተር ብለው «ማኅሌቱን ግን አድርሶት ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። «አድርሶታል፣ አባባ» አልኳቸው። «እንግዲያስ ምን ሆነ፤ ጽድቅ ነው» አሉ።

ጓደኛዬ ስትስቅ ስትስቅ ቆይታ «ይህንማ ሰው ይስማው!» አለች። ሬዲዮ ላይ እናቅርበው አለችኝ። ጉሮሮዬን አሳየኋት። «ታዲያስ? አንቺ ምሪኝ፤ እኔ ልቀበል» አለች። አባቴ ፊት ነው ያለችው። እኔም በዚህች ቃል ነው የተያዝኩት።

መምራት ምን እንደሆነ የእኛ ሰፈር ሕፃን ያውቀዋል። ማኅሌት ላይ ቅኔውን ያወጣው ሰውና ቅኔውን በዜማ የሚያሰማው ሰው ብዙ ጊዜ የተለያዩ ናቸው። ባለ ቅኔው ወደ ባለ ድምፁ ጠጋ ብሎ በጆሮው ይነግረዋል፤ ያም እየተቀበለ ከፍ አድርጎ ያሰማል። አባቴ ቅኔ አዋቂ ናቸው፤ ድምፃቸው ግን ከጥንትም ሻካራ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲመሩ ነው የኖሩት። ቅኔው ሲያምር ሊቃውንቱ «ይበል! ይበል!» ይላሉ፤ እንዲህ ሲሉ ግን የሚያዩት አባቴን ነው። ባለ ድምፁም ራሱ ወደ እሳቸው ዞሮ እጅ ይነሣል። «ይህ የእገሌ ነው» ብሎ የሚያውጅ የለም። ለምን ያውጃል? በጆሮ ሲነገር ሁሉም ቆሞ አይቷል።

እኔም ይህን ለምጄ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን መጀመሪያውኑ «ስሜን ትጠሪያለሽ፣ አትጠሪም?» ብሎ ይይዛት ነበር። እኔ የመሪጌታ ልጅ፣ ያውም እንደ እህቴ የማያትን፣ ይህን ብጠይቅ ነውር መሰለኝ። ሬዲዮ ጆሮ እንጂ ዓይን እንደሌለው አላሰብኩም። ወደ ማን ጠጋ እንዳልኩ ማን ሊያይ ነው?

አርብ አርብ ከሥራ ስትወጣ ትመጣለች። ስልኳን አፌ ሥር ታስቀምጣለች፤ እኔ በዚች በተቀደደች ድምፄ እነግራታለሁ፤ ቅዳሜ እሷ በማር ድምፅዋ ታወራዋለች። ስለ ጀርመናዊው ነገርኳት፤ ልጆቹ ቤት የሞሉለት፣ የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ተጫዋች፣ በየሳምንቱ ለእሑድ አዲስ ዝማሬ ካላደረሰ አለቆቹ የሚያጉረመርሙበት። በመጨረሻ ዓይኑ ጠፋ፤ እሱ ሲሞት ዘመኑም አብሮት አለቀ ይላሉ። ከጀርመን ወጥቶ እንግሊዝ አገር ስለገባው ሙዚቀኛ ነገርኳት፤ መጽሐፍ ቅዱስን ያለ ተውኔት ልብስና ያለ መድረክ እንቅስቃሴ በመዘምራን ብቻ ስለሚያስተርክበት፣ ኦራቶሪዮ ስለሚባለው። ስለ ኮንቼርቶ ስነግራት ደግሞ በእኛ ነው ያስረዳኋት፤ አንዱ ብቻውን ይነሣል፣ ማኅበሩ ይመልስለታል፣ ደግሞ አንዱ፣ ደግሞ ማኅበሩ። ስዊት የሚባለው ደግሞ የጭፈራ ድርድር ነው፤ ዝግ ያለው ይቀድማል፣ ፈጣኑ ይከተላል፣ ደግሞ ዝግ ይላል፣ በፈጣን ያልቃል። አባቴ ከውስጥ ሆነው ሰምተው «የእኛም ዝግ ካለው ዝማሜ ተነሥቶ ፈጣኑ ጽፋት ላይ ይደርስ የለም ወይ» አሉ። ይህችንም ቅዳሜ አለቻት፤ የአባቴን እንኳ አላስተረፈችም።

ከሁሉ ሰው የወደደው ቀይ ጠጉር ስለነበረው የቬኒስ ቄስ ያልኳት ነው። ያ ቄስ ወላጅ የሌላቸውን ሴት ልጆች ቫዮሊን ያስተምር ነበር። የከተማው ሰው ልጆቹን ሊሰማ ይጎርፋል፤ ልጆቹ ግን ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ሆነው ነው የሚጫወቱት፤ ድምፃቸው እንጂ መልካቸው አይታይም። ይህን ያቀረበች ሰሞን ገበያው ሁሉ ስለነዚያ ልጆች አወራ። ድንች የምትሸጥልኝ ሴት «ሰማሽ ወይ ያቺ አዋቂ ያለችውን? የእናት የአባት ያለህ አሰኘችኝ» አለችኝ። ሰምቻለሁ አልኳት። ሌላ ምን ልበል?

ስሜን ጠበቅሁ። በመጀመሪያው ቅዳሜ አልጠራችም፤ «ወይኔ፣ ረስቼው!» አለች። በሚቀጥለው ሰዓት አለቀብኝ አለች። ከዚያ በኋላ ጭራሽ መጨረሻ ላይ «አዘጋጅና አቅራቢ» ብላ የራሷን ስም ብቻ አስከትላ መዝጋት ጀመረች።  አርብ ስትመጣ «አቅራቢ ይሁንልሽ፤ አዘጋጅ ማነው?» አልኳት። ሳቀች። «አይ አንቺ! ሬዲዮ ላይ እንዲህ ነው የሚባለው፤ አሠራሩ ነው። ደግሞ ላንቺ የማስበውን ብታውቂ…» አለችና ወሬውን ወደ ሌላ መራችው።

ያሰበችልኝን ነገረችኝ። የወጣት ማዕከሉ ኪቦርድ በስጦታ አግኝቷል፤ ለልጆች ሙዚቃ የሚያስጀምር ሰው ይፈልጋሉ። ኃላፊው ፕሮግራሙን በሬዲዮ ይከታተሉታል፤ «ይህን የሚያውቅ ሰው ቢሆን» ብለዋል። «ያንቺን ጉዳይ ይዤልሻለሁ፤ ልጆች ደግሞ ከአጠገብሽ ስለሚቀመጡ ድምፅሽ ይበቃል» አለችኝ። ተነሥቼ አቀፍኳት። ምን ያህል እንደፈለግሁት እንዴት ልንገራችሁ? «ከዓረብ አገር የመጣችው» መባሉ ሊቀርልኝ ነው። ልጆች ሰብስቤ «አሁን ስንት ሰው ነው የሚናገረው?» ብዬ ልጠይቅ ነው። ዓረብ አገር የፈጀሁት ዕድሜ ለሸሚዝ ብቻ አልነበረም ልል ነው። ሌላ ምንም አልፈለግሁም፤ ይህችን ብቻ።

የምሥረታው ቀን አዳራሽ ውስጥ ነው አለች፤ «ኃላፊው ራሳቸው ያስተዋውቁሻል፤ አባትሽንም ይዘሻቸው ነይ።» የሐበሻ ቀሚሴን ለብሼ፣ አባቴም ነጠላቸውን አሳምረው ሄድን። ከጉና ተራራ በኩል የሚመጣው ብርድ ያን ቀን ይቆራርጥ ነበር፤ አዳራሹ ግን ጢም ብሎ ሞልቷል። ከፊት ተቀመጥን። እሷ መድረኩ ላይ ከእንግዶቹ ጋር ተቀምጣለች። እጅ አወዛወዝኩላት፤ ወደ ወረቀቷ አየች።

ኃላፊው ተነሡ። «የባሮክ ሙዚቃን ለከተማችን ያስተዋወቀችውን፣ ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ የልጆቻችን የሙዚቃ መምህርት የምትሆነውን…» ብለው ስም ጠሩ። ስሙ የእሷ ነው።

መጀመሪያ ጆሮዎቼ ተሳሳቱ ብዬ አባቴን አየኋቸው። አባቴ አላጨበጨቡም። እኔ ግን እጄ ከሰው ጋር ሁለት ጊዜ ሳያጨበጭብ አልቀረም፤ ከዚያ ነው የደረቀው። እሷ ማይክሮፎኑን ተቀበለችና ጀመረች፤ «ይህን ሙዚቃ መጀመሪያ የሰማሁት ልብስ እየተኮስኩ ነው…»

ብረቱን እንኳ! ብረቱን እንኳ አልተወችልኝም! «መምህሬ አሮጊት ነበሩ፤ ጣቶቻቸውን ቁርጥማት ያጣመማቸው» አለች። የእኔን አሮጊት። ዓይናቸውን ገልጠው ያዩኝን፣ እስክሞት ድረስ የማልረሳቸውን። «አሁን ስንት ሰው ነው የሚናገረው አሉኝ» ስትል አንዳንዷ ሴት ዓይኗን ጠረገች። እሷ ዓረብ አገር በሕልሟም አልሄደችም።  ልነሣ ስል አባቴ ክንዴን ያዙኝ።

ስትጨርስ ጥያቄ ተፈቀደ። ከኋላ አንድ የአቋቋም ተማሪ ተነሣ፤ «በፉግ ሁለተኛው ድምፅ ሲገባ የመጀመሪያው ምን ይሆናል? ዝም ይላል?» አለ። ጥሩ ጥያቄ ነው። አርብ ላይ ያልነገርኳት ነገር ነው። አፏን ከፍታ ቆየች፤ ከዚያ ዓይኗ እኔን ፈለገ። አገኘኝ። ያ አስተያየት ምን እንደሆነ እኔም አባቴም እናውቀዋለን፤ ተቀባይ ቃሉ ሲጠፋበት መሪውን እንዲህ ነው የሚያየው።

ልተዋት ይገባ ነበር ትሉኛላችሁ። ተነሣሁ እንጂ ልመራት አልነበረም። ለሰው ሁሉ ልናገር ነው የተነሣሁት። «ዝም አይልም» አልኩ ባለኝ ጉልበት ሁሉ። «ሁለተኛው ዜማውን ሲወስድ የመጀመሪያው ሌላ ነገር እየሠራ ያጅበዋል፤ ይህን ሁሉ የማውቀውም እኔ ራሴ…» ጉሮሮዬ እዚያው ታነቀ። «አይሰማም!» አሉ ከኋላ። «ምን አለች? አይሰማም!» ደገምኩት፤ ጭራሽ ባሰ። ማይክሮፎን ያመጣልኝ የለም። እሷ ግን ለመድረኩ ቅርብ ስለሆንኩ ሰምታኛለች። ማይክሮፎኑን ወደ አፏ አድርጋ፣ በዚያ ድምፅዋ፣ «ዝም አይልም! ሁለተኛው ዜማውን ሲወስድ የመጀመሪያው ሌላ ነገር እየሠራ ያጅበዋል» አለች። እዚያ ላይ አቆመች፤ የቀረውን ዋጠችው። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ኃላፊውም ወደ እኔ እያመለከቱ «እህታችንንም ስለ አስተያየቷ እናመሰግናለን» አሉ።

አስተያየት ሰጪ ሆንኩ። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል እሰማ ነበር፤ እኔን የጣለኝ ግን ሰው ፊት ነው።

ወደ ቤት ስንሄድ አባቴ «እኔ ስመራ ኖሬያለሁ፤ የመራሁት ሰው ከድቶኝ አያውቅም» አሉ። ትንሽ ሄዱና ደግሞ ተቆጡኝ። «አንቺስ ብትሆኚ! ማንም በሌለበት፣ ቤት ውስጥ ተዘግቶ፣ ለብቻ መምራት የት አየሽ? ሰው ባየበት ነው እንጂ መምራት!» እውነታቸውን ነው። ለዚህም ነው መንገድ ላይ ያለቀስኩት። ሰው እያየኝ አለቀስኩ፤ ለምን እንደሆነ የጠየቀኝ የለም፤ ከዓረብ አገር የመጣችው አለቀሰች ብለው አለፉ።

አርብ መጣች። አዎ፣ መጣች! ሙዝና ብርቱካን በፌስታል ይዛ፣ ካፈርኩ አይመልሰኝ ብላ፣ በሰዓቷ። አባቴ ውስጥ ሆነው ዳዊት እየደገሙ ነበር፤ ድምፅዋን ሲሰሙ ንባባቸውን ከፍ አደረጉት። እሷ እንደ ልማዷ ተቀመጠች።

«ተቀየምሽኝ አይደል?» አለች።

«የኔን ሕይወት የራሴ ነው ብለሽ አወራሽው» አልኳት። «አሮጊቷን ወሰድሽ። ብረቱን ወሰድሽ።»

«የቱን ብረት?»

አላስታወሰችውም። እመኑኝ፣ አላስታወሰችውም፤ ለእሷ ጥሩ መግቢያ ነበር፣ በቃ። «ኧረ እኔ መምህርት አድርጉኝ አላልኩም» አለች፤ «ያንቺን ስም ሰጥቼ ነበር፤ ድምፅ የሌለው ሰው እንዴት ያስተምራል አሉኝ። እና ምን ላድርግ? ዕድሉ ለሌላ ከሚሄድ እኔ ያዝኩት። ደግሞ አንቺም ትመጫለሽ፤ ከአጠገቤ ትቀመጫለሽ፤ በጆሮዬ ትነግሪኛለሽ፣ እኔ ለልጆቹ እላለሁ።»

«ቀድመሽ ለምን አልነገርሽኝም?»

 የሙዙን ፌስታል ቋጠሮ ትፈታለች፣ ትቋጥራለች። ይህን ያህል ዓመት የምታውቃቸውን ዓይኖቼን ቀና ብላ አላየችም። ተነሣሁ። «ከሃዲ ነሽ» አልኳት፤ እንዲህ ያለ ቃል ለሰው ተናግሬ አላውቅም። «ፌስታልሽን ይዘሽ ውጪልኝ። ሁለተኛ እዚህ ደጃፍ እንዳላይሽ። ከእኔ አንዲት ቃል አታገኚም!»

ተነሣች። አላለቀሰችም። ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ወደ በሩ ሄደች። በሩን ከፍታ ቆመችና፣ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ፣ ለራሷ የምትናገር በሚመስል ድምፅ «እንግዲህ ልጆቹ ሰኞ ይጀምራሉ፤ በፉግ ነው የማስጀምራቸው፤ ሌላ አላውቅም» አለች።

በፉግ! ፊደል ያልቆጠረ ልጅ ቅኔ ቤት ይገባል? ዜማ አንድ ላይ ይዞ መዝለቅ የማይችል ልጅ በፉግ ቢጀመር ይጠላዋል፤ ዕድሜ ልኩን ይጠላዋል። ልጆቹ ምን አጠፉ? አሮጊቷ ምን አጠፉ? «አይደለም!» ስል ራሴን ሰማሁት። «በፉግ አታስጀምሪያቸው! ለሁለት ክፈያቸው፤ ቀኝና ግራ። የሚያውቁትን አጭር ዜማ ስጫቸው። ቀኞቹ ይጀምሩ፤ ትንሽ ቆይተው ግራዎቹ ያችኑ ዜማ ከመጀመሪያው ይጀምሩ፤ ካኖን ይባላል። እንዳይምታታባቸው ብለው ጆሯቸውን ይደፍናሉ፤ አትፍቀጂላቸው። እርስ በርስ እየተደማመጡ ነው መዝለቅ ያለባቸው። ሲስቱ አትቆጪ፤ ስንት ሰው ነው የሚናገረው ብለሽ ጠይቂያቸው…»

ድምፄ ሙሉ በሙሉ ተዘጋ። እሷ በሩን ትታ ተመለሰች። ቦርሳዋን እያገላበጠች «ቆይ፣ ቆይ» አለችኝ፤ «አልቀዳሁትም። ከመጀመሪያው ድገሚልኝ።» ስልኳን ከፈተችና፣ ድምፄ ርቆ እንደማይሰማ ስለምታውቅ፣ ወደ ከንፈሬ አስጠግታ ያዘችው።